ቀለህ መልሶ ለመሙላት ጀማሪው የሚመርጠው መሣሪያ፤ ከአሜሪካ የእጅ ሥራ ታሪክ

የሰው ልጅ የሠራቸውን ዕቃዎች ከቀላሉ ወደ ረቂቁ በተርታ ማሰለፍ በብሔረሰብ ጥናት ዘንድ የቈየ ልማድ ነው። ለዚህ ልማድ መሠረት ከጣሉት አንዱ የሆነው እንግሊዛዊው መኰንን ፒት ሪቨርስ ሐሳቡን ያገኘው ከጦርና ከጋሻ ሳይሆን ከጠመንጃ ነበረ። በ1850ዎቹ ዓመታት ለእንግሊዝ ሠራዊት የሚሆነውን አዲስ ጠመንጃ ሲመረምር፣ መሣሪያው በጥቃቅን ለውጥ እየተሻሻለ መሄዱን አስተዋለ፤ ኋላም ይህንኑ ሥርዐት ለዕቃ ሁሉ አዋለው። በስሙ የሚጠራው የኦክስፎርድ ሙዚየም የተቋቋመው በ1884 ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) እኛ ግን እዚያው ከጠመንጃው አጠገብ ተርታው የሚፈርስበትን አንድ ሙያ እናገኛለን፤ ይኸውም የተተኰሰ ቀለህን በእጅ መልሶ የመሙላት ሥራ ነው።

ጥይት አራት ነገሮች አሉት፤ ቀለህ፣ ባሩድ፣ ዓረርና በቀለሁ ግርጌ የምትቀመጠው እሳት ጫሪ ቆብ። ሲተኰስ ዓረሩ ይሄዳል፣ ባሩዱ ይነዳል፣ ቆቢቱም ሥራዋን ትጨርሳለች፤ ዋጋው ከሁሉ የሚከብደው የናስ ቀለህ ግን ይቀራል። የሙያው ቅደም ተከተል ከዚህ ይነሣል። አሮጌዋ ቆብ ትወጣለች፣ በእሳት የሰፋው ቀለህ ወደ ልኩ ይመለሳል፣ አዲስ ቆብ ይተከልበታል፣ ባሩድ ይሰፈርለታል፣ በመጨረሻም ዓረሩ በአፉ ይገጠምለታል።

ከእነዚህ ሁሉ ቀድሞ የሚመጣው የቆቢቱ ነገር ነው። ቆቢቱ እሳት የምትሰጠው በጠመንጃው መቺና በአንዲት ትንሽ መስፍ መካከል ስትጨፈለቅ ነው። አሜሪካዊው ሂራም በርዳን መስፉን የቀለሁ አካል አደረገው፤ እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ቦክሰር ግን በቆቢቱ ውስጥ አስገባው፤ የሁለቱም ሥራ የ1866 ነው። የቦክሰር ቀለህ መካከል ላይ አንድ ቀዳዳ ስላለው፣ በአፉ በኩል ቀጭን ዘንግ ሰድዶ አሮጌዋን ቆብ መግፋት ይቻላል። በበርዳን ቀለህ መካከሉን መስፉ ይይዘዋል፤ እሳቱ የሚያልፈው ብዙውን ጊዜ ከመስፉ ግራና ቀኝ ባሉ ሁለት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ስለ ሆነ ዘንግ መግቢያ የለውም። የሚያስገርመው፣ የአሜሪካዊው ሥራ በአውሮፓ፣ የእንግሊዛዊው ደግሞ በአሜሪካ መስፋፋቱ ነው። ቀለህ መሙላት በአሜሪካ የተራ ሰው ሙያ የሆነው አሜሪካዊው ከሌላው ይልቅ ብልህ ስለ ሆነ አይደለም፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ይህች የመካከል ቀዳዳ ናት።

በ1870ዎቹ ዓመታት ባይሰን የሚባለውን የአሜሪካ ጎሽ የሚያድኑት ሰዎች ከሱቅ ርቀው ስለሚሰነብቱ እርሳስ፣ ባሩድና ቆብ ይዘው ሄደው በሰፈራቸው ቀለሃቸውን ይሞሉ ነበር። ሠራዊቱ ግን በዚያን ጊዜ የሚሠራበት የመዳብ ቀለህ እሳት ጫሪውን በውስጡ የሸሸገ ስለ ነበረ ተመልሶ አይሞላም ነበር። በ1880ዎቹ መጀመሪያ ቆቢቱ ከውጭ የምትገባበት ቀለህ ወጣ፤ ለዒላማ ልምምድም የመሙያ መሣሪያ ለየጦር ሰፈሩ ታደለ።

በ1884 ጆን ባርሎ የሚባል ሰው በኮኔቲከት፣ በኒው ሄቨን ከተማ አይዲያል የተባለውን ፋብሪካ አቋቋመ። የፋብሪካው ዝነኛ ሥራ የአንጥረኛ ጉጠት የመሰለ መሣሪያ ነበረ። ቆቢቱን ያወጣል፣ አዲሷን ይተክላል፣ ዓረሩን ይገጥማል፤ አንዳንዱም በጫፉ የዓረር ማፍሰሻ ይዞ ይሠራ ነበር። (እርሳስ ሲፈስስበት እጀታው እስኪግል ድረስ ይሞቃል እየተባለ ብዙ ተነቅፏል፤ ነቀፌታውም እውነት ነው።) መሣሪያው በኮርቻ ከረጢት ይገባል፤ ጠረጴዛም መምህርም አይፈልግም። ፋብሪካው በ1910 ወደ ማርሊን፣ በ1925 ወደ ላይማን ኩባንያ ተዛወረ።

ይህ ጉጠት ለጀማሪ የሚበቃው በጥቁር ባሩድ ዘመን ስለ ነበረ ነው። የሠራዊቱ ጠመንጃ ቀለህ 70 ግሬን፣ ማለት አራት ግራም ተኩል ያህል፣ ጥቁር ባሩድ ይይዝ ነበር፤ ይህም ቀለሁን ይሞላዋል። የጀማሪው እጅ ቢሳሳትና ቢያበዛ ባሩዱ ይፈስሳል እንጂ ጠመንጃውን አይሰብርም። ሚዛኑ ቀለሁ ራሱ ነበረ ማለት ይቻላል።

በዚያው በ1884 ፈረንሳዊው ፖል ቪዬይ ጭስ አልባ ባሩድ አወጣ፤ ነገሩም ተለወጠ። አዲሱ ባሩድ እጅግ ብርቱ ስለ ሆነ ከቀለሁ ጥቂቱን ብቻ ይይዛል። በ1898 አካባቢ የወጣው፣ 38 ስፔሻል የተባለው የሽጉጥ ጥይት ጥሩ ምሳሌ ነው። ቀለሁ የተለካው 21 ግሬን ለሚሆን ጥቁር ባሩድ ነው፤ ለዒላማ ልምምድ የሚሆነው ጭስ አልባ ባሩድ ግን ከዚያ ክብደት ሩቡን እንኳ አይደርስም። ስለዚህ ሰውዬው ዘንግቶ ሁለት ጊዜ ቢሰፍርበት ቀለሁ ችሎ ይይዘዋል፤ ስሕተቱም የሚታወቀው ሲተኰስ ነው። ከዚህ ወዲያ ለጀማሪው አስቀድሞ የሚገዛለት ማፍሰሻ መሆኑ ቀረና ትክክለኛ ሚዛንና የታተመ የመጠን ሠንጠረዥ ሆነ።

በ1943 ፍሬድ ሀንቲንግተን በካሊፎርኒያ፣ በኦሮቪል ከተማ ሥራ ጀመረ። በጦርነቱ ምክንያት ዓረር ስለ ጠፋ፣ ከተተኰሱ ትንንሽ ቀለሆች የዓረር ልባስ የሚያወጣ መሣሪያ ሠራ፤ ኋላም ድርጅቱ በገበታ ላይ በሚታሰረው የብረት መጫኛው ታወቀ። በዚህ ዓይነቱ መጫኛ እጀታው አንድ ጊዜ ሲወርድ አንድ ሥራ በአንድ ቀለህ ላይ ይፈጸማል። ከዚያ በኋላ በእጀታው አንድ ስበት ብዙ ቀለሆችን በየደረጃቸው የሚያስኬዱ መሣሪያዎች መጥተዋል። ሆኖም ነባር ባለሙያዎች እስከ ዛሬ ለጀማሪው የሚመክሩት ብዙውን ጊዜ ያንኑ ቀርፋፋውን ነው። በቀርፋፋው የሚሠራ ሰው ባሩድ የተሰፈረላቸውን ቀለሆች ቀዳዳ ባለው ጣውላ ላይ ደርድሮ፣ ዓረሩን ከመግጠሙ በፊት በብርሃን እያንዳንዱን ያያል፤ ሁለት ጊዜ የተሰፈረበት ከጎረቤቱ ተለይቶ ይታያል። ምርጫው ድህነት ወይም ኋላ መቅረት አይደለም፤ ዓይን የሚያርፍበት ጊዜ መግዛት ነው።

ተርታውን ፈጽሞ የሚያፈርሰው የ1958ቱ ነው። በዊስኮንሲን፣ በሃርትፎርድ ከተማ ሪቻርድ ሊ ያለ መጫኛ የሚሠራ ርካሽ መሣሪያ አወጣ፤ መጀመሪያ ለወፍ ጠመንጃ፣ ኋላ ለሌሎቹ። ለጠመንጃ ጥይት የሚሆነው ጥቂት የብረት ቱቦዎችና ዘንጎች ናቸው፤ የሚሠራውም በመዶሻ እየተመታ ነው። ባሩዱን የሚሰፍር አንድ ማንካና ማንካው ለየትኛው ባሩድ እንደሚሆን የሚናገር ሠንጠረዥ አብሮት ይሸጣል። ሚዛኑ የቀረው አስፈላጊነቱ ስለ ቀረ አይደለም፤ ልኩን ፋብሪካው አስቀድሞ በማንካው ወስኖት ነው። ታዲያ ይህ ዕቃ በተርታው የት ይቀመጥ? በመልኩ ከ1884ቱ ጉጠት በታች ነው፤ በውስጡ ያለው ዕውቀት ግን የሰባ አራት ዓመት ልምድ አለው።

ስለ አገራችን አንድ ነገር ብቻ እጨምራለሁ። ሰናድር የምንለው፣ ስሙን ከፈልሳፊው ከስናይደር ያገኘውና በ1868 በመቅደላ አጠገብ በአሮጌ ሜዳ የእንግሊዝ ጦር የተኰሰው ጠመንጃ፣ የሚጐርሰው የዚያኑ የቦክሰርን ጥይት ነበረ። ኋላም ውጅግራና ሌሎቹ ከነጥይታቸው ከአውሮፓ በብዛት ገቡ፤ ጥይቱም ከአሞሌና ከማርያ ቴሬዛ ብር ጐን በገበያ እንደ ገንዘብ ተመነዘረ። ስለዚህ ለሙዚየም ቀለህ የሚሰበስብ ተማሪ በግርጌው የተቀረጸውን ጽሕፈት ብቻ ገልብጦ አይተው፤ በአፉ በኩል ወደ ውስጥ ተመልክቶ ቀዳዳው አንድ ወይም ሁለት መሆኑን፣ ቆቢቱም ተነቅላ የተተካች መሆን አለመሆኗን በመዝገቡ ይጻፍ።