በገበጣና በሰንጠረዥ ጨዋታ የደንብና የዕድገት ሚዛን

በቀድሞው የሀዲያ ባህል ከብት የሀብት ብቻ ሳይሆን የክብርም መለኪያ ነበር፤ ከብቱ መቶ የሞላለት ሰው ከጐረቤቱ የተለየ ስም ነበረው። ስለዚህ ከገበጣ ዐይነቶች አንዱ «ላም ወለደች» መባሉ በሌሞ ላደግን ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በዚህች አጭር ጥናት የምንመረምረው አንድ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ጨዋታ ተጫዋቹን እያሳደገ ሲሄድ ደንቡ ያንን ዕድገት በምን ይገታዋል? የሚለው ነው።

ጥያቄው በሌላም አገር ተነሥቷል። እ.ኤ.አ. በ1974 ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ አሜሪካውያን «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የተባለውን ጨዋታ አሳተሙ። በዚህ ጨዋታ እያንዳንዱ ሰው የአንድ ጀግና ወይም የአንድ ጠንቋይ ባሕርይ ይዞ ይቀመጣል፤ ያ ጀግና ድል ባደረገ ቍጥር ልምድ ይቈጠርለትና ከደረጃ ወደ ደረጃ ይወጣል። ጀግናው በበረታ ጊዜ ግን የትናንቱ ጠላት አይመክተውምና የጨዋታው መሪ ብርቱ ጠላት ማምጣት ግድ ይሆንበታል። እዚያ ሚዛኑን የሚጠብቀው መሪው ነው። በገበጣ ግን መሪ የለም፤ ሁለት ሰዎችና ጠጠር ብቻ ናቸው።

ሪቻርድ ፓንክኸርስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ገበጣ ባወጡት ጥናት እንዳሳዩት የጨዋታው ዐይነት ከአገር አገር እጅግ የተለያየ ነው። ለምሳሌ በሁለት ረድፍ ዐሥራ ሁለት ጉድጓድ ተቈፍሮ በእያንዳንዱ አራት አራት ጠጠር የሚደረግበትን እንውሰድ፤ ጠጠሩ በጠቅላላው 48 ነው። የመጀመሪያው ዙር ሲፈጸም አንዱ 28፣ ሌላው 20 ቢያገኝ፣ በአንዳንዱ ደንብ ሁለቱም ጠጠራቸውን መልሰው አራት አራት ይሞላሉ። ያን ጊዜ ባለ 28ቱ ሰባት ቤት ሲይዝ ባለ 20ው በአምስት ይቀራል። አንዱ ቤት ተወሰደ ማለት ነው። በሚቀጥለው ዙር አሸናፊው የሚነሣው ከሰፊ ይዞታ ነው፤ ሀብት ሀብትን ይስባል። እርግጥ ነው፣ ብዙ ጠጠር ያከማቸ ጉድጓድ ሲነሣ ዘሩ ወደ ባላጋራው ረድፍ መሻገሩ አይቀርም፤ ነገር ግን ይህ የሚያዘገየው እንጂ የሚያግደው አይመስለንም።

ሰንጠረዥ ሌላ መንገድ ይዟል። የእንግሊዙ መንገደኛ ሄንሪ ሶልት እ.ኤ.አ. በ1814 ባሳተመው መጽሐፍ ጨዋታው በራስ ወልደ ሥላሴ ግቢ የተወደደ እንደ ነበር ይናገራል። መጀመሪያው «ወረራ» ይባላል፤ አንድ ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ እንደ ፈቀዱ ያሰልፋሉ። እዚህ ላይ ደንብ የለም ለማለት ይቻላል። የሚጠብቀው መጨረሻው ነው። ብቻውን የቀረውን ንጉሥ መማት አይፈቀድም፤ ከንጉሡ ጋር አንድ ሹም ብቻ ቢቀር ደግሞ ያ ሹም ሰባት ጊዜ ከመንቀሳቀሱ በፊት ካልተማተ ጨዋታው ያለ አሸናፊ ይቀራል። በደርና በፈረስ ማሸነፍ እንደ ተራ ነገር ሲቈጠር፣ ደካማ በሆኑት በፈርዝና በፊል ማሸነፍ ግን ያስከብራል። ስለዚህ ኃይሉ የበዛ ተጫዋች ጠላቱን ሁሉ ገፎ መጨረስ አይጠቅመውም፤ እንዲያውም ለድሉ ክብር ሲል ጥቂት ሊተውለት ይገባዋል።

ከጓደኞቻችን አንዳንዶቹ ይህ የመኳንንት ጨዋነት ነው፣ ገበጣ ግን የገበሬ ስለሆነ እንዲህ ያለ ልጓም የለውም ይላሉ። እኛ አንስማማም። በሆሳዕና ዙሪያ ልጆች ሲጫወቱ እንዳየነው አንዱ ወደ አንድ ቤት በወረደ ጊዜ የበላዩ አራት ጠጠር «ለዘር» ብሎ የሚመልስበት አጋጣሚ አለ። ለርኅራኄ ነው አንልም፤ ባላጋራው ተነሥቶ ከሄደ ዐሥራ አንዱ ቤት ጉድጓድ ብቻ ነውና። አንድ ጊዜ ይህ ደንብ ነውን ብለን ብንጠይቅ አሸናፊው አዎን አለ፤ ተሸናፊው ግን ብድር ነው ብሎ አራቱን ጠጠር ቈጥሮ ተቀበለ።