በመካነ አራዊት የሚገኙ የዱር እንስሳት ሕክምና፦ የዋና እንስሳት ሐኪሙ ኃላፊነትና ከኅብረተሰቡ የሚጠበቅ ተግባር

ጠቅላላ መግለጫ

መካነ አራዊት የዱር እንስሳት በሰው እንክብካቤ ሥር የሚኖሩበት፣ ኅብረተሰቡም ስለ እነርሱ የሚማርበት ስፍራ ነው። በአገራችን ከሚገኙት መካከል በሰፊው የሚታወቀው እ.ኤ.አ. በ1948 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት የተቋቋመው የአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ለሕዝብ ክፍት የሆነው አንድነት ፓርክም የዱር እንስሳት ይታዩበታል። በሆለታ አቅራቢያ የሚገኘው የእንስሳ ኮቴ ማዕከል ደግሞ ከሕገወጥ ይዞታ የተረፉ እንስሳትን ተቀብሎ ይንከባከባል።

በእነዚህና በመሰል ስፍራዎች የሚኖሩ እንስሳት ጤና በአንድ ኃላፊ የተመራ፣ በዕቅድና በመዝገብ የተደገፈ ሕክምና ይጠይቃል። ይህ ጽሑፍ ሕክምናው እንዴት እንደሚመራ፣ ጎብኚዎች ምን ማድረግ እንደሚገባቸውና የታመመ ወይም በሕገወጥ መንገድ የተያዘ የዱር እንስሳ ያጋጠመው ሰው ወዴት ማመልከት እንዳለበት ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው።

ጉዳዩ ለምን ትኩረት ይሻል?

እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ የሆነ የዘረመል ጥናት በአንበሳ ግቢ ከሚኖሩት አንበሶች የ15ቱን ናሙና መርምሮ፣ ጥቁር ጎፈር ያላቸው እነዚህ አንበሶች በሌሎች የአፍሪካ አካባቢዎች ከተጠኑት አንበሶች በዘረመል የተለዩ መሆናቸውን አመልክቷል። ቁጥራቸው ውስን በሆነ መንጋ ውስጥ በአንድ ወረርሽኝ የሚጠፋ ሕይወት በቀላሉ የሚተካ አይደለም። በመሆኑም የሐኪሙ ተግባር የታመመውን እንስሳ ከማዳን አልፎ የዘሩን ቀጣይነት እስከ መጠበቅ ይደርሳል።

ዋና እንስሳት ሐኪሙ የሚመራቸው ተግባራት

ዋና እንስሳት ሐኪሙ የሕክምና ባለሙያዎችን፣ የእንስሳት ተንከባካቢዎችንና የመኖ አዘጋጆችን ሥራ ያስተባብራል። ማከም ብቻውን የኃላፊነቱ ጥቂቱ ክፍል ሲሆን፣ አብዛኛው ሥራ እንስሳው ከመታመሙ በፊት የሚከናወን ነው።

1. ለይቶ ማቆየት (ኳራንቲን)። ከውጭ የሚገባ ማንኛውም እንስሳ ከነባሮቹ ጋር ወዲያውኑ አይቀላቀልም። እንደ ዝርያው ዓይነት ብዙውን ጊዜ ቢያንስ ለ30 ቀናት፣ ለጦጣና ለዝንጀሮ ዝርያዎች ደግሞ ከዚህ ለረዘመ ጊዜ ተለይቶ ይቆያል። በዚህ ጊዜ የዐይነ ምድርና የደም ምርመራ ይደረግለታል፤ የውስጥና የውጭ ጥገኛ ተባዮች ሕክምናም ይሰጠዋል። በተቻለ መጠን የለይቶ ማቆያው ተንከባካቢ፣ የሥራ ልብስና የጽዳት ዕቃ የተለዩ መሆን አለባቸው።

2. ክትባት። የእብድ ውሻ በሽታና ዲስተምፐር የሚባለው በሽታ ለሥጋ በል የዱር እንስሳት ከፍተኛ ስጋት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1994 በታንዛኒያ ሴሬንጌቲ የተከሰተው ዲስተምፐር ከአካባቢው አንበሶች አንድ ሦስተኛ የሚሆኑትን ፈጅቷል። በባሌ ተራሮች የሚኖሩት ቀይ ቀበሮዎችም በእብድ ውሻ በሽታና በዲስተምፐር በተደጋጋሚ ተጠቅተዋል። የሁለቱም በሽታዎች ዋነኛ ምንጭ ክትባት ያላገኙ ውሾች ናቸው። ሆኖም ለውሻ የተዘጋጀ ክትባት ሁሉ ለዱር እንስሳ አይሆንም። የተዳከመ ሕያው ቫይረስ የያዘ የዲስተምፐር ክትባት በአንዳንድ የዱር ዝርያዎች ላይ በሽታውን ራሱን ሊያስከትል ስለሚችል፣ የክትባቱን ዓይነት መምረጥ የዋና ሐኪሙ ውሳኔ ነው።

3. የመኖ ቁጥጥር። ለአንበሳ አጥንት የሌለው ቀይ ሥጋ ብቻ መስጠት የካልሲየም እጥረት ያስከትላል፤ በተለይ ደቦሎች አጥንታቸው ይልማል፣ ይሰበራልም። የቫይታሚን ኤ እጥረት ደግሞ የራስ ቅል አጥንትን በማወፈር የነርቭ ችግር እንደሚፈጥር ይታወቃል። የሚቀርበው ሥጋ ምንጭም መረጋገጥ አለበት። በአባ ሰንጋ የሞተ ወይም በፔንቶባርቢታል መድኃኒት ሕይወቱ እንዲያልፍ የተደረገ እንስሳ ሥጋ የሚበላውን እንስሳ ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ምንጩ ያልታወቀ የሥጋ ስጦታ ከግለሰቦች አይወሰድም።

4. የዕለት ክትትልና መዝገብ። የዱር እንስሳ በተፈጥሮው ሕመሙን ይደብቃል፤ በዱር የደከመ መስሎ መታየት ለአጥቂ መጋለጥ ነውና። ሕመም በግልጽ እስኪታይ ከተጠበቀ ብዙ ጊዜ አልፎበታል ማለት ነው። ስለሆነም ተንከባካቢው እንስሳው የተወውን መኖ፣ የዐይነ ምድሩን መልክና የአካሄዱን ለውጥ በየቀኑ ይመዘግባል፤ ሐኪሙም መዝገቡን ይመረምራል። አንድ አንበሳ ከራቱ ግማሹን መተዉ ለጎብኚ ቀላል ነገር ቢመስልም፣ ለሐኪሙ የምርመራ መነሻ ነው።

ማደንዘዣ፦ ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የሚሻው ተግባር

የቤት እንስሳን ይዞ መመርመር ይቻላል። አንበሳን፣ ነብርን ወይም ጎሽን ግን ያለ ማደንዘዣ በቅርብ መመርመር ለሰውም ለእንስሳውም አደገኛ ነው። ማደንዘዣው ብዙውን ጊዜ ከርቀት በሚተኮስ መርፌ ይሰጣል። ይህ ከመደረጉ በፊት ሐኪሙ የሚከተሉትን ያረጋግጣል፦

• የእንስሳው ክብደት በትክክል መገመቱን ወይም መመዘኑን፤
• ሥጋ በል እንስሳ ከሆነ አስቀድሞ መጾሙን፣ ይኸውም ያስመለሰው ምግብ ወደ ሳንባው እንዳይገባ ለመከላከል ነው፤
• አመንዣኪ እንስሳ ከሆነ ሆዱ በጋዝ እንዳይነፋ በደረቱ ተደግፎ የሚቆይበት መንገድ መዘጋጀቱን፤
• የኦክስጅን፣ የሙቀት መለኪያና የማንቂያ መድኃኒት ዝግጅት መኖሩን፤
• የበሮች መዘጋትና የሠራተኞች ድርሻ አስቀድሞ መወሰኑን።

ለዝሆን፣ ለአውራሪስና ለመሰል ትልልቅ እንስሳት የሚያገለግለው ኢቶርፊን የተባለ መድኃኒት እጅግ ኃይለኛ በመሆኑ ጥቂት ጠብታው የሰውን ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። በዚህም ምክንያት ለሰው የሚሆነው ማርከሻ በእጅ ሳይገኝና የሚረዳ ሁለተኛ ባለሙያ ሳይኖር አገልግሎት ላይ እንዲውል አይፈቀድም።

ማደንዘዣን ለመቀነስ ዘመናዊ መካነ አራዊት እንስሳትን በማለማመድ ዘዴ ይጠቀማሉ። እንስሳው በምግብ ሽልማት እየተበረታታ ወደ ሚዛን እንዲወጣ ወይም ለደም ናሙና ጅራቱን በአጥሩ በኩል እንዲያቀርብ ይለማመዳል። ይህ ወራት የሚፈጅ ቢሆንም ለእንስሳውም ለሠራተኛውም ደኅንነት የተሻለ አማራጭ ነው።

ሞት ሲያጋጥም

የሞተ እንስሳ ያለ ምርመራ አይቀበርም። የአስከሬን ምርመራ የሚደረገው የሞቱን ምክንያት አውቆ የቀሩትን ለማዳን ነው። ነገር ግን አባ ሰንጋ ከተጠረጠረ አስከሬኑ አይከፈትም፤ የበሽታው ተሕዋስ ከአየር ጋር ሲገናኝ በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት የሚቆይ ዘር ስለሚፈጥር በመጀመሪያ የደም ናሙና ተወስዶ ይመረመራል። ለተጨማሪ ማረጋገጫ ናሙናዎች ሰበታ ወደሚገኘው የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ሊላኩ ይችላሉ።

ሊድን በማይችል ሕመም የሚሠቃይ እንስሳን ሕይወት ያለ ሥቃይ እንዲያልፍ ማድረግም ከዋና ሐኪሙ ከባድ ውሳኔዎች አንዱ ነው። ውሳኔው የሚሰጠው እንስሳው መብላት፣ መንቀሳቀስና ከሕመም ነፃ ሆኖ መኖር መቻሉ ተመዝኖ፣ ምክንያቱም በጽሑፍ ተመዝግቦ ነው። ጎብኚዎች የሚወዱት እንስሳ ድንገት ከአጥሩ ውስጥ ሲያጡ ቅሬታ ሊያድርባቸው እንደሚችል ይታወቃል። መካነ አራዊቱም ሁኔታውን ሳይሸሽግ ማስረዳት ይጠበቅበታል።

ጎብኚዎች ሊያከብሯቸው የሚገቡ ደንቦች

• ለእንስሳት ምንም ዓይነት ምግብ አይስጡ። ዳቦ፣ ብስኩትና ከረሜላ ለጭላዳ፣ ለዝንጀሮና ለጦጣ የጥርስ መበስበስንና ከመጠን ያለፈ ውፍረትን ያስከትላሉ። ጭላዳ በተፈጥሮው በዋናነት ሣር የሚበላ እንስሳ ነው።
• የፕላስቲክ ከረጢትና የጠርሙስ ክዳን አይጣሉ። እንስሳው ቢውጣቸው አንጀቱን ዘግተው ሊገድሉት ይችላሉ።
• ሕፃናትን ከመከላከያው አጥር አያሳልፉ፤ ፎቶግራፍ ለማንሣትም ቢሆን እጅን ወደ ፍርግርጉ አያስገቡ።
• ሳል ወይም ጉንፋን ካለብዎት ከዝንጀሮና ከጦጣ ይራቁ። የሳንባ ነቀርሳን ጨምሮ በርካታ በሽታዎች ከሰው ወደ እንስሳ፣ ከእንስሳም ወደ ሰው ይተላለፋሉ።
• ውሻዎን ወደ ግቢው ይዘው አይግቡ።
• የተለየ ምልክት ያለው፣ ለምሳሌ የሚያነክስ ወይም የሚደማ እንስሳ ካዩ በአቅራቢያዎ ላለ ሠራተኛ ያሳውቁ።

በእንስሳ የተነከሰ ወይም የተቧጨረ ሰው

ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ያህል ማጠብ፣ ከዚያም ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ከሞት የሚያድን ሕክምና የለውም ለማለት ያስደፍራል። በጊዜ የተጀመረ ክትባት ግን ሕይወትን ይታደጋል። ቁስሉ ትንሽ መሆኑ ለመዘግየት ምክንያት ሊሆን አይገባም።

የዱር እንስሳ ያጋጠመው ሰው የሚያደርገው

በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541 የዱር እንስሳትን ያለ ፈቃድ መያዝንና ማዘዋወርን ይከለክላል። የአቦ ሸማኔ ግልገሎች ከአፍሪካ ቀንድ ወደ ዐረብ ባሕረ ገብ ምድር በሕገወጥ መንገድ እንደሚወሰዱ ይታወቃል። ከእናታቸው ተለይተው የሚጓዙት ግልገሎች ብዙዎቹ በረሃብና በውኃ ጥም በመንገድ ላይ ያልቃሉ። የተረፉትም አደን ሳይማሩ ስለሚያድጉ ወደ ዱር መመለስ አይችሉም፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ የሐኪም ክትትል የሚሹ ይሆናሉ።

በመሆኑም የዱር እንስሳ ካጋጠመዎት፦

1. እናቱ በአካባቢው ልትኖር ስለምትችል ጤነኛ የሚመስልን ግልገል አያንሡ፤ ከርቀት ይከታተሉ።
2. የቆሰለን እንስሳ በእጅዎ አይንኩ፤ ሰውና ውሻ እንዳይቀርበው ያድርጉ።
3. የላም ወተት ወይም ሌላ ምግብ አይስጡ። ያልተስማማ ምግብ የተጎዳን ግልገል ለሞት ያበቃል።
4. ቦታውን፣ ሰዓቱንና የእንስሳውን ሁኔታ መዝግበው በአቅራቢያዎ ላለው የግብርና ጽሕፈት ቤት ወይም የዱር እንስሳት ጥበቃ መሥሪያ ቤት ያመልክቱ።
5. ሽያጭ ወይም ዝውውር ከተመለከቱ ለፖሊስ ያሳውቁ። እንስሳውን ለማዳን በማሰብ ገዝተው አይውሰዱ፤ ግዢው ሻጩ ሌላ ግልገል እንዲያድን ያበረታታዋል።

ማሳሰቢያ

የመካነ አራዊት እንስሳት ጤና ከግቢው አጥር ውጭ ይጀምራል። ውሻቸውን በወቅቱ የሚያስከትቡ፣ የሞተ ከብት ሥጋ የማይሸጡና ያዩትን በጊዜ የሚያመለክቱ ዜጎች የሐኪሙን ሸክም ያቀልላሉ። የውሻና የድመት ክትባት አገልግሎት የሚፈልጉ ነዋሪዎች በየወረዳቸው ወደሚገኘው የእንስሳት ጤና ክሊኒክ በመቅረብ መረጃ ማግኘትና ተገቢውን የክትባት ማስረጃ መውሰድ ይችላሉ።