ምክንያቱ ስለ ተሰወረ የኮምፒዩተር ብልሽት

ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ ደግሞ ከእንጦጦ ወዲያ በጎጃም መንገድ አዲስ አበባን ከበው ይገኛሉ። ሦስቱም ዛሬ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ናቸው፤ ከፍታቸውም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ያልፋል። በእነዚህ ከተሞች የሕዝብ መዝገብ የሚጠብቀው ሰርቨር ድንገት ቆሞ፣ መልሰው ሲያስነሡት እንደ ጤነኛ ቢሠራ፣ ባለሙያው አስቀድሞ መብራቱን፣ አቧራውንና ሙቀቱን ይመረምራል። ይህም ተገቢ ነው፤ የደጋ አየር ስስ በመሆኑ መኪናውን የማቀዝቀዝ ኀይሉ ያንሳልና። ሁሉም ደኅና ሆኖ ሲገኝ ግን ጥፋቱን በሠራተኛው ላይ ማላከክ ይቀላል። ስለዚህ ሌሎች የተሰወረውን ምክንያት እንዴት እንደ ደረሱበት ታሪኩን ልንጽፍ ወደድን።

በ1978 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) የኢንቴል ባለሙያዎች ሜይና ዉድስ አንድ አስቸጋሪ ነገር ገለጹ። በሜሞሪ ውስጥ የተጻፈው ቁጥር ራሱን ይለውጣል፤ ሜሞሪው ሲፈተሽ ግን እንከን አይገኝበትም። ፍለጋው ያደረሳቸው ወደ ሸክላው ልባስ ነበር። ልባሱ የተሠራበት ፋብሪካ በአሜሪካ ግሪን ሪቨር በተባለው ወንዝ ዳር፣ ከአሮጌ የዩራኒየም ማዕድን በታች ተተክሎ ኖሮ፣ በውሃው የመጣው ርዝራዥ በልባሱ ውስጥ ሆኖ ጨረር ይረጭ ነበር። የኮምፒዩተሩን ሕመም ፈልገው ወንዝ ለወንዝ መውጣታቸው እጅግ ያስደንቀናል።

ሌላው ምንጭ ሰማይ ነው። ቪክቶር ሄስ በ1912 በባሉን ወጥቶ ከጠፈር የሚወርደውን ጨረር አገኘ። በ1979 ዚግለርና ላንፎርድ ይኸው ጨረር ሜሞሪን እንደሚያናውጥ አስረዱ። ከዚያም አይ ቢ ኤም ሜሞሪውን 3,100 ሜትር ያህል ከፍታ ወዳላት ወደ ሌድቪል ከተማ አወጣው፤ መልሶም ከምድር በታች ወደ ዋሻ አወረደው። ስሕተቱ በተራራው በዛ፤ ከዐለቱ ሥር ጠፋ ለማለት ይቻላል። በ2003 በቤልጅግ ሀገር፣ በስካርቤክ፣ አንዲት ተመራጭ 4,096 ትርፍ ድምፅ ተቈጠረላት። ቁጥሩ 2 በራሱ 12 ጊዜ ሲባዛ የሚገኘው ስለ ሆነ፣ አንዲት ቢት ብቻ እንደ ተገለበጠች ታወቀ፤ ያደረገውም የጠፈር ጨረር ሳይሆን አይቀርም ተባለ።

ታዲያ ሱሉልታ እንደ ሌድቪል ናትን? አይደለችም። የመሬት መግነጢስ የጠፈሩን ጨረር አብልጦ የሚመልሰው በመግነጢሱ ወገብ አካባቢ ነው፤ ሀገራችንም ከዚያው ትገኛለች። ካናዳዊው አባ ፒየር ጉዋን በ1957 በአዲስ አበባ የጂኦፊዚክስ መመልከቻ ጣቢያ ያቋቋሙት በዚሁ አቀማመጥ ምክንያት ነበር። ከፍታው ያበዛውን መግነጢሱ ይቀንሰዋልና፣ የውጭ ሀገር ስሌት እንዳለ ተገልብጦ ለሰበታ ወይም ለቡራዩ አይበቃም።

የሚበጀው የራስ መዝገብ ነው። ስሕተትን የሚያርም ሜሞሪ ያለው ሰርቨር የተገለበጠችውን ቢት ሲያቀና ሰዓቱንና ስፍራውን ይጽፋል። ስሕተቱ በአንድ ስፍራ የሚደጋገም ከሆነ ሜሞሪው ታሟልና ይለወጥ፤ አንድ ቀን እዚህ፣ ከወራት በኋላ እዚያ የሚታይ ከሆነ ግን ከጨረር ሊሆን ይችላልና፣ ደኅናውን ሜሞሪ አውጥቶ መጣል ገንዘብ ማባከን ነው።