ንድፈ ሐሳብና ማስረጃ በአክሱም ታሪክ ጥናት

ንድፈ ሐሳብ የተበተኑ ማስረጃዎችን አያይዞ ምክንያታቸውን የሚያስረዳ ነው እንጂ ራሱ ማስረጃ አይደለም። ለምሳሌ ኢጣሊያዊው ሊቅ ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1928 ባሳተሙት የኢትዮጵያ ታሪክ፥ የአክሱምን ሥልጣኔ መሠረት ከደቡብ ዓረብ ተሻግረው ለመጡ ሰዎች ሰጥተዋል። የየሐ ቤተ መቅደስና በሳባ ፊደል የተቀረጹት ጽሕፈቶች ሐሳቡን የሚያጸኑ መስለው ነበር። ኋላ ግን የቋንቋ ሊቃውንት ግዕዝ ከሳባ ቋንቋ በቀጥታ ያልተወለደ መሆኑን አስረዱ፤ በምሥራቅ ትግራይ የተደረገውም ቁፋሮ ከቤተ መቅደሱ የሚቀድም የአገሬውን መንደር ገለጠ። ከደቡብ ዓረብ ጋር የነበረው ግንኙነት አልተካደም፤ የተሻረው የሥልጣኔው ምንጭ እርሱ ብቻ ነው መባሉ ነው። የየሐ ድንጋይ እንዳለ ነው፤ የተለወጠው ትርጓሜው ነው። ስለዚህ ተመራማሪ ንድፈ ሐሳብን ከመቀበሉ በፊት፥ «ይህን የሚያፈርሰው ምን ዓይነት ማስረጃ ቢገኝ ነው?» ብሎ ይጠይቅ። መልስ ካጣ፥ የያዘው እምነት እንጂ ንድፈ ሐሳብ አይደለም።