የተሻረ ምርጫ፦ የሃምቡርግና የበርሊን ድጋሚ ድምፅ ታሪክ

ሃምቡርግና በርሊን በጀርመን ፌዴራላዊ ሥርዓት ውስጥ ከተሞች ብቻ ሳይሆኑ የየራሳቸው ሕገ መንግሥት፣ ምክር ቤትና ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ያላቸው ክልሎች ናቸው። በእነዚህ ሁለት ክልሎች መቶ ዓመት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ሦስት ጠቅላላ ምርጫዎች በፍርድ ቤት ተሽረው ሕዝቡ እንደገና ድምፅ እንዲሰጥ ተደርጓል። በሦስቱም ጊዜ የፍርዱ መሠረት ድምፅ ተሰርቋል የሚል አልነበረም፤ መጀመሪያ የምርጫ ሕጉ፣ ቀጥሎ የአንድ ፓርቲ የዕጩ አመራረጥ፣ በመጨረሻም የምርጫው ዕለት ዝግጅት ጎድሎ በመገኘቱ ነው። የመራጭ መብት ከኮሮጆው በፊት ባሉት ደረጃዎች ሁሉ ሊጣስ እንደሚችል እነዚህ ሦስት ፍርዶች ተራ በተራ አሳይተዋል።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ልማድ የምርጫ ክርክር የሚታየው በፍርድ ቤት ሳይሆን በተመረጠው ምክር ቤት በራሱ ነበር። አሠራሩ የሕዝብ እንደራሴዎችን ከንጉሥ ሹማምንት ጣልቃ ገብነት ለመጠበቅ ቢረዳም፣ ከምርጫው የተጠቀመው ወገን በገዛ ጉዳዩ ዳኛ እንዲሆን ያደርግ ስለነበር እምነት የሚጣልበት አልነበረም። በዚህ ምክንያት በ1919 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የወጣው የቫይማር ሕገ መንግሥት የብሔራዊ ምክር ቤቱን ምርጫ የሚመረምር፣ ከእንደራሴዎችና ከዳኞች የተውጣጣ ልዩ ፍርድ ቤት አቋቋመ፤ በክልሎች ውስጥ የሚነሱ ሕገ መንግሥታዊ ክርክሮች ደግሞ በላይፕሲግ ወደሚያስችለው የመንግሥት ጉዳዮች ፍርድ ቤት ይቀርቡ ጀመር።

የመጀመሪያው የሃምቡርግ ጉዳይ የመጣው ለዚህ ችሎት ነው። በኦክቶበር 1927 በተካሄደው የሃምቡርግ ምርጫ የክልሉ ሕግ በምክር ቤቱ መቀመጫ ያልነበራቸውን ትንንሽ ፓርቲዎች የድጋፍ ፊርማ እንዲያሰባስቡና የገንዘብ ዋስትና እንዲያስይዙ ያስገድድ ነበር። ላይፕሲግ ያሉት ዳኞች በዚያው ዓመት ዲሴምበር ይህ ግዴታ የመራጮችንና የተወዳዳሪዎችን እኩልነት የሚጥስ ሆኖ ስላገኙት ምርጫው ውድቅ ሆነ፤ የሃምቡርግ ሕዝብም በፌብሩዋሪ 1928 እንደገና ወደ ምርጫ ጣቢያ ሄደ። ድምፅ አሰጣጡና ቆጠራው ያለ እንከን ቢከናወኑም እንኳ፣ ለውድድር የሚያበቃው በር ለአንዱ ሰፍቶ ለሌላው ከጠበበ ውጤቱ ሊጸና እንደማይችል በዚህ ፍርድ ተረጋገጠ።

ሁለተኛው ጉዳይ የተነሣው ከ60 ከሚበልጡ ዓመታት በኋላ በዚያው በሃምቡርግ ነው። በጁን 1991 በተደረገው ምርጫ ሶሻል ዴሞክራቶች 48 ከመቶ ድምፅ አግኝተው ብቻቸውን የሚያስተዳድሩበትን አብላጫ መቀመጫ ያዙ። ይሁን እንጂ የተቃዋሚው የክርስቲያን ዴሞክራቲክ ኅብረት አባላት፣ ከእነርሱም መካከል ማርኩስ ቬግነር፣ የፓርቲያቸው አመራር ያዘጋጀውን የዕጩዎች ዝርዝር ጉባኤተኛው በነፃነት ሊለውጠው በማይችልበት መንገድ አስጸድቋል ሲሉ አቤቱታ አቀረቡ። የሃምቡርግ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ሜይ 4 ቀን 1993 አቤቱታውን ተቀብሎ ምርጫውን በሙሉ ሻረ። መራጩ የሚመርጠው ፓርቲዎች ካቀረቡለት ስሞች መካከል በመሆኑ፣ በፓርቲው አዳራሽ የተፈጸመ ከባድ የዴሞክራሲ ጥሰት የምርጫው ሁሉ ጉድለት ነው ማለት ነው። በፌዴራል ሪፐብሊኩ ታሪክ የክልል ምርጫ በዚህ መልክ ሲሻር የመጀመሪያው ነበር። በሴፕቴምበር 1993 በተካሄደው አዲስ ምርጫ የጥፋቱ ባለቤት የነበረው ፓርቲ ከ35 ወደ 25 ከመቶ ወረደ፤ ቬግነር የመሠረተው ሽታት ፓርታይ 5.6 ከመቶ አግኝቶ ምክር ቤት ሲገባ፣ በጥፋቱ ያልነበሩበት ሶሻል ዴሞክራቶችም አብላጫቸውን አጡ። የሹመት ዘመን ለተመራጩ የተሰጠ ርስት ሳይሆን በሕጋዊ ምርጫ ላይ ብቻ የሚቆም አደራ መሆኑን ይህ ውጤት በጉልህ ያሳያል።

ሦስተኛው በበርሊን የሆነው ነው። ሴፕቴምበር 26 ቀን 2021 የፌዴራሉ ምክር ቤት፣ የክልሉ ምክር ቤትና የ12ቱ ክፍለ ከተሞች ምርጫዎች፣ በትልልቅ የቤት አከራይ ድርጅቶች ላይ ከቀረበ ሕዝበ ውሳኔ ጋር በአንድ ቀን ተደረጉ፤ በዚያው ዕለትም የበርሊን ማራቶን ጎዳናዎቹን ዘግቶ ነበር። አንድ መራጭ በአምስት ወረቀቶች ላይ ስድስት ምልክት ማድረግ ሲኖርበት፣ የተዘጋጁት የምስጢር ድምፅ መስጫ ቦታዎች ግን ለዚህ የሚበቁ አልነበሩም። በአንዳንድ ጣቢያዎች ወረቀቱ አለቀ፤ በሌሎች የሌላ ክፍለ ከተማ ወረቀት ታደለ፤ ፎቶ ኮፒ ተደርጎ የተሰጠበት ቦታም ነበር። ከ2,200 በላይ ከሚሆኑት ጣቢያዎች ከ1,000 በሚበልጡት ድምፅ መስጠቱ ከመዝጊያው ሰዓት ከምሽቱ 12 በኋላ ቀጠለ፤ የመጀመሪያዎቹ የውጤት ትንበያዎች በዚያው ሰዓት ይፋ ስለሆኑ፣ ገና በሰልፍ ላይ ያለ መራጭ ማን እየመራ እንደሆነ እያየ ድምፁን ሰጠ።

በጀርመን የምርጫ ሕግ ጉድለት መኖሩ ብቻ ምርጫን አያፈርስም፤ ጉድለቱ የመቀመጫ ክፍፍሉን ሊለውጥ የሚችል መሆን አለበት፤ ዳኞችም ከምርጫው የሚጸናውን ያህል እንዲጸና ማድረግ ይጠበቅባቸዋል። በሉድጌራ ዜልቲንግ የሚመራው የበርሊን ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ኖቬምበር 16 ቀን 2022 የክልሉንና የክፍለ ከተሞቹን ምርጫ በሙሉ ሲሽር ይህን መመዘኛ ይዞ ነው። ጉድለቱ ከዝግጅቱ የመነጨ በመሆኑ በጥቂት ጣቢያዎች የሚታጠር አይደለም፤ የጣቢያዎቹ ቃለ ጉባኤዎች ያልተሟሉ በመሆናቸውም የተመዘገበው ከሆነው በታች ነው የሚል እምነት ዳኞቹ ወሰዱ። ያም ሆኖ አስተዳደሩ እንዳይቆም ሲባል የነባሩ ምክር ቤት ሕጎች ጸንተው እንዲቆዩ ተደረገ።

ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2023 የተካሄደው ድምፅ ድጋሚ ምርጫ እንጂ አዲስ ምርጫ ስላልነበረ የምክር ቤቱ ዘመን ከ2021 መቆጠሩን ቀጠለ። የተሳታፊው ቁጥር ከ75 ወደ 63 ከመቶ ቢወርድም ውጤቱ ተለወጠ፤ ክርስቲያን ዴሞክራቶች ከ18 ወደ 28 ከመቶ ከፍ ሲሉ፣ ሶሻል ዴሞክራቶች ለሁለተኛነት አረንጓዴዎቹን የቀደሙት በ53 ድምፅ ብቻ ነበር። በኤፕሪል ወር የክርስቲያን ዴሞክራቶቹ ካይ ቬግነር የከተማዋ ከንቲባ ሆኑ። በ53 ድምፅ ተራ በሚለወጥበት ከተማ፣ በየጣቢያው ወረቀት አጥተው የተመለሱ ሰዎች ጉዳይ ተራ የቢሮ እንዝህላልነት ተብሎ ሊታለፍ እንደማይችል ግልጽ ነው።

የፌዴራሉ ምርጫ ግን በሌላ መንገድ ሄደ። ጉዳዩ የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት በሆነው በ1949ኙ መሠረታዊ ሕግ መሠረት አስቀድሞ በፌዴራሉ ምክር ቤት ታይቶ ወደ ፌዴራሉ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ስለሚሄድ፣ በ455 የበርሊን የምርጫ አካባቢዎች ብቻ ድምፁ እንዲደገም የተወሰነው በዲሴምበር 2023 ነው፤ ድጋሚ ምርጫው በፌብሩዋሪ 2024 ሲደረግም ከአራት ዓመቱ ዘመን ከግማሽ በላይ አልፎ ነበር። የጠበበ እርማት የሕዝብን ውሳኔ ያከብራል፤ የዘገየ እርማት ግን በጉድለት የተያዘ መቀመጫ ሕግ ሲያወጣ እንዲቆይ ይፈቅዳል። ስለዚህ የመራጭን መብት የሚያስከብሩት ከዳኛው ነፃነት ጋር ሁለት ነገሮች ናቸው፤ እነርሱም በየጣቢያው በጥንቃቄ የሚጻፍ ቃለ ጉባኤና ክርክሩ ዘመኑ ሳያልፍ እንዲቋጭ የሚያስገድድ የጊዜ ገደብ ናቸው። የመጀመሪያው ከሌለ ፍርድ ቤቱ በትክክል የሚመዝነው ማስረጃ ያጣል፤ ሁለተኛው ከሌለ ደግሞ ፍርዱ ትክክል ቢሆንም ለመራጩ የሚመልስለት መብት እያነሰ ይሄዳል።