ለእያንዳንዱ ስደተኛ አንድ ወንድም፦ የመዲናው ሙኣኻት



ስለ ሂጅራ ስናወራ ድሉን እንጂ ናፍቆቱን ብዙ ጊዜ አናነሳም። በ622 (እ.ኤ.አ) ሙሃጂሮች መዲና ሲገቡ ቤት፣ ንብረትና ዘመድ መካ ቀርቶባቸዋል። ብዙም ሳይቆዩ አቡበክርና ቢላል (ረ.ዐ) በትኩሳት ታመሙ። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉልን፣ ቢላል ትኩሳቱ ሲለቀው የመካን ሸለቆ፣ ሣሯንና ተራሮቿን በግጥም እያነሳ ይናፍቅ ነበር። ያቺ መካ እኮ በጋለ አሸዋ ላይ ያሰቃየችው ከተማ ናት! ብቸኝነት ሲሰማን ኢማናችን የደከመ ለሚመስለን ሁሉ ይህ ትልቅ መጽናኛ ነው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ምን አደረጉ? መስጂዱ ተሠርቷል፣ ጀመዓውም ይሰበሰባል። እሳቸው ግን በዚህ ብቻ አላበቁም። አንዱን ሙሃጂር ከአንድ አንሷሪ ጋር በስም እየጠሩ ወንድማማች አደረጓቸው። ይህም «ሙኣኻት» ይባላል። በመጀመሪያ እስከ መወራረስ ይደርስ ነበር፤ በኋላ ውርሱ ለሥጋ ዘመድ ሲመለስ ወንድማማችነቱ ግን ቀጠለ።

ሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ (ረ.ዐ) ለወንድሙ ለዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) የሀብቱን ግማሽ ሊያካፍለው ፈለገ። ዐብዱረሕማን ዱዓ አድርጎለት ገበያው የት እንደሆነ ብቻ እንዲያሳየው ጠየቀው። አይብና ቅቤ እየነገደ ራሱን ቻለ፣ ትዳርም ያዘ። አንዱ ሳይሰስት ሰጠ፣ ሌላው ሸክም ላለመሆን ተጋ።

ሰልማን አል-ፋሪሲ ደግሞ ወንድሙን አቡ ደርዳእን (ረ.ዐ) ሊዘይር ሄዶ ባለቤቱ ራሷን ጥላ አገኛት። አቡ ደርዳእ ቀን ይጾማል፣ ሌሊት ይሰግዳል፤ ቤቱን ግን ረስቷል። ሰልማን አብሮት ካልበላ እንደማይበላ ነገረው፣ ሌሊትም እንዲተኛ አደረገው፤ ሰውነቱም ቤተሰቡም ሐቅ እንዳላቸው አስታወሰው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ሰልማን እውነቱን እንደሆነ መሰከሩለት። ወንድም ማለት ቤታችን ገብቶ ጉድለታችንን አይቶ የሚመክረን ነው።

ዛሬ እኛስ? ለትምህርት ወይም ለሥራ ከተማ ገብተን በኪራይ ክፍል ብቻችንን የምናመሽ ብዙ ነን። የቴሌግራም ግሩፓችን በመቶ የሚቆጠር አባል አለው። መስጂድ ትከሻ ለትከሻ ገጥመን እንሰግዳለን፤ ካሰላመትን በኋላ ግን ጫማችንን አንስተን እንበታተናለን። ከጎናችን የሚሰግደው ሳምንት ቢጠፋ ስሙን እንኳ ስለማናውቀው አንጠይቅም።

ሰዕድ በ3ኛው ዓመተ ሂጅራ በኡሑድ ዘመቻ ወደቀ። ጦርነቱ እንዳበቃ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል ሰዕድን በስሙ አንስተው የት እንዳለ የሚያጣራላቸው ሰው ጠየቁ።

እኛም ሺህ ሰው ማወቅ አይጠበቅብንም። በዚህ ሳምንት ከሶፋችን የጠፋ አንድ ወንድም፣ ከደርሳችን የቀረች አንዲት እህት አለች። ስልክ እንደውል፣ ቤታቸው እንሂድ፣ «የት ጠፋችሁ?» እንበል።

አላህ ከሚጠያየቁት ያድርገን። አሚን!