የማድቤት ጭስና የደጋው ቤት አሠራር ታሪክ

በሰሜንና በመካከለኛው የኢትዮጵያ ደጋ ጭስ ከመኖሪያ ቤት እንዲወጣ በዋናነት ያደረገው ለጤና የታሰበ ጥንቃቄ ሳይሆን ማዕረግ፣ የቆርቆሮ ጣሪያና የማገዶ እጥረት ነው፤ በዚህም የተነሣ ቤቱ ከጭሱ ሲላቀቅ፣ ጭሱን በየዕለቱ የምትምገው ሴት ከነጭሱ ወደ ጠባብ ክፍል ተዛወረች።

ነባሩ የደጋ ጎጆ በእንጨት ተማግሮ ጭድ በገባበት ጭቃ የሚመረግ፣ በሣር የሚከደን ክብ ቤት ሲሆን፣ ከበሩ በቀር ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ አልነበረውም ማለት ይቻላል። መስኮት አለመኖሩ የሠሪው እውቀት ማነስ አይደለም፤ የሌሊቱ ብርድ በሚቆረቁርበት አገር ሙቀት የሚይዘው ድፍን ግድግዳ ነው፣ ከብቱም ከብርድ፣ ከሌባና ከአውሬ እንዲጠበቅ ብዙ ጊዜ ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ያድር ነበር። እሳቱ የሚነደው በቤቱ ውስጥ፣ ድስት በሚያስቀምጡት ሦስት ድንጋዮች ማለትም በጉልቻው መካከል ሲሆን፣ ጭሱ ሌላ መውጫ ስለሌለው በሣሩ ክዳን ውስጥ ቀስ እያለ ይሰርግ ነበር። ጥቅምም ነበረው፤ ክዳኑንና እንጨቱን ከምስጥ ይከላከላል፣ ለዘር የተመረጠውም እህል ነቀዝ እንዳይበላው ከእሳቱ በላይ ይሰቀላል። በዚህ ላይ የወተት ዕቃና የጠላ እንስራ በወይራ ወይም በጥንጁት ይታጠናል፣ ሴቶችም ለሰውነታቸው ጤና የወይባ ጭስ ይሞቃሉ። ጭስን እንደ ማጽጃና እንደ መድኃኒት የሚያውቅ ማኅበረሰብ የበሽታ ምንጭ አድርጎ ለማየት መዘግየቱ ሊያስደንቅ አይገባም።

ጭሱን ከመኖሪያው ቀድመው የለዩት ባለጸጎችና መኳንንት ናቸው። በቤተ መንግሥትና በመኳንንት ግቢ እልፍኙና አዳራሹ ለብቻ፣ ወጥ ቤቱና እንጀራ ቤቱ ለብቻ ይሠሩ ነበር፤ ይህ ልዩነት የእንግዳውን ክብር እንጂ የእንጀራ ጋጋሪዋን ሳንባ የሚጠብቅ አልነበረም። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በዙሪያዋ ያለው ደን በጥቂት ዓመታት ሲመናመን፣ በዐፄ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ከተማዋን ከማገዶ ችግር አወጣት። በዚሁ ዘመን የተለመደው የቆርቆሮ ክዳን ደግሞ ጭሱን እንደ ሣሩ አያሳልፍም፣ በጥቀርሻም ይበላሻል፤ ስለዚህ ቆርቆሮው በየከተማውና በየገጠሩ ሲስፋፋ ብዙ ቤተሰብ ጉልቻውን በጓሮ ወዳለች ትንሽ ማድቤት አወጣው። ደን በራቀበት አካባቢ ማገዶው ኩበት፣ ማለትም ተጠፍጥፎ የደረቀ እበት ሆነ፤ ጭሱም ከደረቅ እንጨት ጭስ የባሰ ስለሆነ እሳቱን ከመኖሪያው ለማውጣት ሌላ ምክንያት ሆነ።

ከማድቤት ሥራ ሁሉ ጭስ የሚበዛበት እንጀራ መጋገር ሲሆን፣ ከቤተሰቡ ማገዶ ከግማሽ በላይ የሚበላውም እርሱ እንደሆነ ይገመታል። ምጣዱ ሰፊ በመሆኑ እሳቱ እስከ ጠርዙ እኩል መዳረስ አለበት፤ ስለዚህ ጋጋሪዋ ምጣዱን በጎመን ዘርና በማሰሻ አሽታ፣ ሊጡን ከዳር ወደ መሐል እያዞረች አፍስሳ አክንባሎውን ከከደነች በኋላ ወዲያው ጎንበስ ብላ እንጨቱን ትገፋለች፣ እሳቱ ከደከመም እፍ ትላለች። ፊቷ ከነበልባሉ ከአንድ ክንድ የማይርቀው በዚህ ጊዜ ነው፤ በጀርባዋ የታዘለው ሕፃንም የሚተነፍሰው ያንኑ አየር ነው። ጭሱ የያዛቸው ደቃቅ ብናኞች በሕፃናት ላይ ለሳንባ ምች፣ በአዋቂዎች ላይ ለረጅም ጊዜ የሳንባ ሕመምና ለዓይን ሞራ ያጋልጣሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. በቤት ውስጥ የአየር ብክለት ሳቢያ በዓለም ዙሪያ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች እንደሞቱ ገምቷል። ከሰል ጭሱ ስለማይታይ የዋህ ይመስላል፤ ነገር ግን በተዘጋ ክፍል ሲነድ የሚወጣው ሽታ አልባው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተኛን ሰው ሳይነቃ ይገድላል።

የቤት አያያዝ የጤና ትምህርት የሆነው ዘግይቶ ነው። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከጤና መኮንኖችና ከነርሶች ጋር ሳኒታሪያን፣ ማለትም የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን ማሠልጠን ጀመረ። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ደግሞ ትምህርቱን በ16 ክፍሎች አዋቅሮ፣ ሴት ሠራተኞቹ ከቤት ቤት እየዞሩ መስኮት መክፈትን፣ ከብትን ከሰው መለየትንና ማድቤትን ለብቻ መሥራትን እንዲያስተምሩ አደረገ።

የምድጃው መሻሻል ግን የመጣው በሌላ በር ነው። በ1980ዎቹ ዓ.ም. በመንግሥት የኢነርጂ ተቋም የተሠራው ሚርት ምድጃ ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ጠጠር ተቀርጾ ምጣዱን ዙሪያውን የሚከብ ሲሆን፣ ከክፍት እሳት ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። የታሰበው ለደኑና ለገበያው የማገዶ ዋጋ ስለነበር የተለካውም በተረፈው እንጨት ነው። የመጀመሪያው ዓይነት የጭስ ማውጫ ቱቦ አልነበረውም፤ ጭሱ ከኋላ ባለው የድስት ማስቀመጫ በኩል ወጥቶ እዚያው ክፍል ውስጥ ይቀር ነበር። ጭሱ መቀነሱ አይካድም፤ ነገር ግን እንጨት የቆጠበ ምድጃ ሁሉ ሳንባን አድኗል ማለት ስሕተት ነው፤ ምድጃ ከነቱቦው፣ ማድቤትም ከነመስኮቱ እስካልተሠራ ድረስ ለጤና የተሠራ ነው ሊባል አይገባም።